ከአቶቴ የባልትና ቤት የተገዛ በርበሬና ዳጣ፤ የሦስት ወር የወጥ ቤት ምዘና

ሐዋሳ ውስጥ አቶቴ አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብላ የምትገኝ አንዲት የባልትና ቤት አለች። ከግቢው በር ጎን ያለች አንድ ክፍል ስትሆን፣ በውስጧ ከሚዛን፣ ክዳን ካላቸው ባልዲዎችና ከአንድ አግዳሚ ወንበር በቀር ሌላ ዕቃ አይታይም። ከሦስት ወር በፊት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለምሳ ያመጣችውን የምስር ወጥ አካፍላኝ ቀመስኩና በርበሬውን ከየት እንዳገኘችው ብጠይቃት ወደዚህች ቤት መራችኝ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በርበሬ፣ አረንጓዴና ቀይ ዳጣ፣ አዋዜ፣ ሚጥሚጣና ሽሮ እየገዛሁ በቤቴ በተለያየ መንገድ አብስዬባቸዋለሁ። ይህ ግምገማ የተጻፈው በእነዚህ ዕቃዎች ከሠላሳ ያላነሱ ራቶችን ካዘጋጀሁ በኋላ ነው።

የምመዝንበትን መለኪያ አስቀድሜ ማስረዳት ይገባኛል። ከሥራ ወጥቼ ቤት የምደርሰው ማታ 12 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ልጆቹ የቤት ሥራቸውን ጨርሰው በጊዜ እንዲተኙ ራት ከ1 ሰዓት ተኩል ማለፍ የለበትም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቅመም ማመስና መውቀጥ፣ ሽንኩርቱን ለሰዓታት ማቁላላት፣ ሦስት ዓይነት ወጥ መደርደር የሚሞከር አይደለም፤ ያ የዓውደ ዓመት ሥራ ነው። ቢሆንም የሥራ ቀን ነው ተብሎ በየማታው አልጫ እንዲበላ አልፈልግም። በቤታችን ሁላችንም ጠንከር ያለ፣ የሚያቃጥል ምግብ እንወዳለን፤ የ9 ዓመቱ ልጄ እንኳ ቃሪያ ያልቀረበበትን ማዕድ እንደ ጎደሎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ከአንድ የባልትና ቤት የምጠብቀው፣ ድካሙ አስቀድሞ ያለቀለት፣ ድስት ውስጥ ሲገባም ሌላ ረዳት የማይጠይቅ ቅመም ነው። ቅመሙ ይህን ካሟላ ከጎኑ የሚቀርበው ቅቅል ድንች ወይም አይብ ብቻ ቢሆንም ማዕዱ ሙሉ ይሆናል። ካላሟላ ግን ማባያ በማብዛት የሚሸፈን ጉድለት አይደለም።

ይህን ያወቅሁት በኪሳራ ነው። ባለፈው ዓመት ከሌላ ሱቅ የገዛሁት በርበሬ ቀለሙ ደማቅ፣ ዋጋውም ረከስ ያለ ነበር። ቤት አምጥቼ ወደ ዕቃ ስገለብጠው ግን ቋጠር ቋጠር እያለ ወረደ፤ ሽታውም የረጠበ ጆንያ ሽታ ነበር። አንድ ማንኪያ ያህል በብርጭቆ ውሃ በጥብጬ ባስቀምጠው ከሥር አሸዋ ዘቀጠ። ወጡን በነጭ ሽንኩርት፣ በመከለሻና በቅቤ ላድነው ሞክሬ ነበር፤ ሰላጣውንም፣ ጎመኑንም፣ አይቡንም ከጎኑ አቀረብኩ፤ ሁሉም ከወጡ ሸሽተው ማባያውን ብቻ በሉ። የቀረውን በርበሬ ጣልኩት። ብዙ ሰው ገንዘቡ አሳዝኖት እንዲህ ያለውን በርበሬ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ይጠቀምበታል፤ ይህ ግን ለጤና የሚያሰጋ ነው፤ ምክንያቱም እርጥበት በያዘ በርበሬ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ መርዙም በተለመደው የማብሰያ ሙቀት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ስለዚህ ወደ አቶቴዋ ቤት የሄድኩት በጥርጣሬ ነበር። የቤቱ ባለቤት በዕድሜ ከእናቴ የሚስተካከሉ እናት ሲሆኑ፣ ደንበኛው ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል። አንድ ኪሎ በርበሬ እንዲመዝኑልኝ ስጠይቃቸው ሚዛኑን ትተው በማንኪያ ጥቂት ጨለፉና መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። «ልጄ፣ በርበሬ በዓይን ብቻ አይገዛም፤ አሽተሽ እዪው» አሉኝ። በአውራ ጣቴ አሸሁት። ደረቅ ነበር፤ ሆኖም ሲታሽ መዳፌ ላይ ወዝ ያለው ጠቆር ያለ ቀይ ቀለም ተወ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው መጀመሪያ የመጣው ኮረሪማው ነው፤ ቀጥሎ በሶብላው፣ ከዚያም ከፀሐይ ጋር የከረመ የነጭ ሽንኩርት ጠረን። ማስነጠሱ በመጨረሻ መጣ። ኋላ ድስት ውስጥ ሲገባም፣ ምላስ ላይ ሲያርፍም ይህንኑ ቅደም ተከተል ጠብቆ አገኘሁት፤ ጣዕሙ ቀድሞ ይደርሳል፣ ማቃጠሉ ተከትሎ ይመጣል። መጥፎ በርበሬ ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል፤ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ከማቃጠሉም በኋላ የሚቀር ነገር የለውም።

አዘገጃጀቱን ስጠይቃቸው ሳይደብቁ ነገሩኝ። ዛላው የሚመጣላቸው ከሀላባ ነው። ሀላባና ማረቆ በበርበሬ ምርታቸው የታወቁ አካባቢዎች ናቸው፤ ማረቆ ፋና የሚባለው ትልልቅ ዛላ ያለው ጥቁር ቀይ ዝርያም ስሙን ያገኘው ከማረቆ ነው። ሐዋሳ ለእነዚህ አካባቢዎች ቅርብ መሆኗ ለከተማችን የባልትና ባለሙያዎች ትልቅ ዕድል ነው። ዛላው ተለቅሞ፣ ጭራው ተቀንጥሶ፣ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ በኋላ ይደቅቅና ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ተደልዞ ታፍኖ ያድራል። ከዚያ እንደገና ይሰጣል፤ በዚህ ጊዜ ነው የሽንኩርቱና የዝንጅብሉ ጣዕም ወደ በርበሬው ገብቶ አብሮ የሚደርቀው። በደንብ ሲደርቅ የታመሰ ድንብላል፣ ነጭና ጥቁር አዝሙድ፣ ተፈልፍሎ የታመሰ ኮረሪማና ጨው ተጨምሮበት ወፍጮ ቤት ይሄዳል። እትዬ አጥብቀው የሚጠነቀቁት ሁለተኛውን ስጢ ነው፤ ሰማዩ ከደመነ ሥራውን ያቆማሉ፣ ደንበኛ ቢለምናቸውም ያልደረቀውን አያስፈጩም። እናቴም በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ሲጠራ ጠብቃ እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግቢያችን በሙሉ በርበሬ በተሰጣበት ሰሌን ተሸፍኖ ዶሮ ስናባርር እንውል ነበር። ዛሬ እኔ የምኖረው በኮንዶሚኒየም ነው፤ በርበሬ የማሰጣበት ግቢ የለኝም። የሦስት ሳምንት ድካም በአንድ ማንኪያ ተሞልቶ እንዲመጣልኝ የምከፍለው ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ የበርበሬ ተክል ራሱ ጥንት ከአሜሪካ አህጉር ተነሥቶ ወደ ሌላው ዓለም የተዳረሰ ነው፤ ኮረሪማ ግን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ተወላጅ ነው። የእኛን በርበሬ ከሌላው ዓለም የተፈጨ ሚጥሚጣና ቃሪያ የሚለየው ከዚህ ከአገር በቀሉ ቅመም ጋር መጋባቱ ይመስለኛል፤ እትዬም ኮረሪማውን ለመቆጠብ የማይሞክሩ ባለሙያ ናቸው።

የመጀመሪያውን ፈተና ሆን ብዬ በምስር ወጥ አደረግሁት፤ ቅቤና ሥጋ የሌለበት የጾም ወጥ የበርበሬን ጉድለት አይሸፍንምና። ሦስት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፌ ያለ ዘይት ለ8 ደቂቃ ያህል አቁላላሁ። ውሃው ሲመጥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨመርኩ፤ እሳቱን ዝቅ አድርጌ፣ እንዳያር የፈላ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግሁ ለ10 ደቂቃ አማሰልኩት። አራተኛው ደቂቃ ላይ ጥሬ ጥሬ የሚለው ጠረን ጠፋ፤ ዘይቱም ከበርበሬው ተለይቶ በድስቱ ዳር ዳር እንደ ቀይ ቀለበት መውጣት ጀመረ። ታጥቦ የተዘጋጀውን አንድ ኩባያ የምስር ክክ፣ ሦስት ኩባያ የፈላ ውሃና ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ጨምሬ ከደንኩት፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ክኩ በስሎ ወጡ ወፈረ። መከለሻ አልነካሁም። ከጎኑ ያቀረብኩት በሎሚና በቃሪያ የተለወሰ የቲማቲም ሰላጣ ብቻ ነበር። ባለቤቴ ሁለተኛ እንጀራ ሲያነሣ «ዛሬ ምን በዓል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ይኸው በርበሬ ከዚያ ወዲህ በድንች ወጥ፣ በእንቁላል ፍርፍርና በዶሮ ሳይቀር ተሞክሯል፤ ለዶሮው እንደማንኛውም ጊዜ ረጅም ሰዓት ሰጥቼዋለሁ፣ ሆኖም የበርበሬውን ትልቁን አቅም ያየሁት በዚያ የ40 ደቂቃ ምስር ነው።

በርበሬውን በሁለት ደረጃ ይሸጡታል፤ አንዱ ኃይለኛ፣ ሌላው ለዘብ ያለ። ለዘብ ያለውን የሚያዘጋጁት ዛላውን ሰንጥቀው ውስጡን በማውጣት ነው፤ ይህም ትክክለኛ አሠራር ነው። አብዛኞቻችን ማቃጠሉ ያለው በፍሬው ውስጥ ይመስለናል፤ ይሁን እንጂ ካፕሳይሲን የሚባለው የሚያቃጥል ንጥረ ነገር በብዛት የሚገኘው ፍሬዎቹ በተጣበቁበት ነጣ ያለ የውስጥ ክፍል ላይ ነው። ያን ክፍል ያወጣ ሰው ጣዕሙንና ቀለሙን ሳይነካ ኃይሉን ይቀንሳል። ሌላ በርበሬ ቤቶች ለማለዘብ ጨው ወይም የእህል ዱቄት ሲጨምሩ አይቻለሁ፤ ያ በርበሬውን ማሳነስ እንጂ ማለዘብ አይደለም። ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤት ለዘብ ያለውን እመክራለሁ፤ እኛ ግን ኃይለኛውን ነው የምንወስደው።

ያም ሆኖ ከዚህች ቤት አንድ ዕቃ ብቻ ግዢ ብባል የምመርጠው አረንጓዴውን ዳጣ ነው። ዳጣ የወላይታ፣ የጋሞና የሲዳማ ማዕድ ጌጥ ነው፤ ሐዋሳ ውስጥም ከሥጋ ቤት እስከ አሳ ቤት ድረስ ያለ ዳጣ የሚቀርብ ሳህን ማግኘት ይከብዳል። ነገር ግን ብዙ ቦታ የሚቀርበው በማሽን ተፈጭቶ፣ ውሃ ተለይቶ የሚንሳፈፍበት፣ ከማቃጠል በቀር ሌላ የማይናገር ነው። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዳጣ ልገዛ ስሄድ ገና እየተዘጋጀ ስለነበር እንድጠብቅ አግዳሚው ላይ አስቀመጡኝ፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። የእትዬ ልጅ ከወፍጮው ድንጋይ ፊት ተንበርክካ ቃሪያውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ እርጥቡን በሶብላና የጤና አዳሙን ቅጠል በመጅ ትፈጫለች። መጁ ወደ ፊት ሲሄድ ቃሪያው ቆዳው እየተላቀቀ ይደቅቃል፤ ወደ ኋላ ሲመለስ የተለየውን ውሃ መልሶ ያጣጥፈዋል። ሦስት ጊዜ ደጋግማ ካሳለፈችው በኋላ ጨው ነሰነሰችና በጣቷ ጫፍ ጥቂት አንሥታ እጇ ጀርባ ላይ አድርጋ ቀመሰች። እናቷን አየቻቸው። እትዬም ከእጇ ላይ ቀምሰው «ትንሽ ዝንጅብል» አሉ። ዝንጅብሉ ተጨምሮ አራተኛ ተፈጨ። የእኔ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ከድንጋዩ ሙቀት የተነሣ ገና ለብ ያለ ነበር፤ ሽታው ቤት እስክደርስ ድረስ በባጃጁ ውስጥ አብሮኝ ሄደ፣ ሹፌሩም የት እንደሚሸጥ ጠየቀኝ።

ይህ ዳጣ ሙሉ ችሎታውን የሚያሳየው ከሐይቃችን አሳ ጋር ነው። ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል የሄደ ሰው ሥዕሉን ያውቀዋል፤ ጀልባዎቹ ተጠግተው ቆሮሶውና አምባዛው ይራገፋል፣ አባ ኮዳዎቹ የሚጣልላቸውን አንጀትና ጭንቅላት እየጠበቁ በሰው መካከል ይንጎራደዳሉ፣ ገላጮቹም በደቂቃዎች ውስጥ አሳውን ገፈው ፊሌቶውን ያወጣሉ። እዚያው ቁጭ ብሎ ጥሬውን በዳጣ የሚበላ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ለልጆች ስል አብስዬ ማቅረብን እመርጣለሁ። ለአራት ሰው ስድስት ቁራጭ የቆሮሶ ፊሌቶ በግማሽ ሎሚና በሁለት የሾርባ ማንኪያ ዳጣ ለውሼ ለ15 ደቂቃ አቆየዋለሁ። እዚህ ላይ መጀመሪያ የሠራሁትን ስሕተት ሌላው እንዳይደግመው ልንገር፤ ዳጣው እንደተለወሰ መጥበሻ ላይ ሲገባ በውስጡ ያለው ነጭ ሽንኩርት ከአሳው ቀድሞ ያርና ይመራል። ስለዚህ ዳጣውን በቢላ ጀርባ ጠርጌ በሳህን አስቀምጠዋለሁ፤ አሳውን ዱቄት አስነክቼ በጋለ ዘይት እያንዳንዱን ወገን ለሦስት ደቂቃ ያህል ከጠበስኩ በኋላ እሳቱን አጥፍቼ የተጠረገውን ዳጣ እዚያው መጥበሻ ዘይት ውስጥ ለአንድ ደቂቃ አሟሙቄ ከላይ አፈሳለሁ። ጥሬ አሳ የነካው ዳጣ ስለሆነ ሳይሞቅ መቅረብ የለበትም። ሲቀርብም በላዩ ላይ አንድ ማንኪያ አዲስ ዳጣ ይጨመርበታል፤ የሞቀው ጣፈጥ ያለ የሽንኩርት ጣዕም ሲሰጥ፣ አዲሱ የበሶብላውን እርጥብ ሽታ ያመጣል። ሁለቱን ባንድ ሳህን ማግኘት የቻልኩት ዳጣው ውሃ ስለማይለቅ ብቻ ነው።

ለዚህ አሳ የማቀርበው ማባያ በጣም ቀላል ነው። ድንች ከነልጣጩ ቀቅዬ፣ ልጬ፣ በጨውና በጥቂት ዘይት አለውሰዋለሁ። ምርጫው የእኔ ብቻ ሲሆን ግን ቆጮን አስቀድማለሁ። በሲዳምኛ ዋሳ የሚባለው ቆጮ ከእንሰት ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ከርሞ የሚበስል በመሆኑ የራሱ ኮምጣጣነት አለው፤ በሥሡ ተጠፍጥፎ ምጣድ ላይ ሲጋገር ዳጣው የሚያስነሣውን እሳት ያረግበዋል፣ ከጣዕሙ ጋር ግን አይሻማም። የሲዳማ ቤተሰቦች ቆጮውን በቅቤ አርሰው ቡርሳሜ ሠርተው ሻፌታ በሚባል የሸክላ ዕቃ ያቀርባሉ፤ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የፊቼ ጫምባላላ በዓል ማዕድም ያለ ቡርሳሜ አይታሰብም። አንድ ቀን ከጎረቤታችን የመጣልንን ቡርሳሜ ከቀዩ ዳጣ ጋር ሞከርነው። በምግቡ ባለቤቶች ዘንድ የተለመደው ከወተት ወይም ከእርጎ ጋር መብላቱ ነው፤ በእኛ ቤት ግን ጥቂት ቀይ ዳጣ ከዳር ተደርጎበት ከእርጎው ጋር ሲበላ ልጆቹ ሻፌታውን እስኪጠርጉ ድረስ አልተነሡም።

እርጎና አይብ ከሚያቃጥል ምግብ ጎን መቅረባቸው የልማድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፣ በስብ ግን ይሟሟል፤ ካዜይን የሚባለው የወተት ፕሮቲንም ከምላስ ላይ ያነሣዋል። በርበሬ ያቃጠለው ሰው ውሃ ደጋግሞ ሲጠጣ የማይበርድለት ለዚህ ነው። እንግዳ በሚመጣበት ቀን የማዘጋጀው ትልቁ ማባያም ይኸው ነው፤ አይቡን በጥቂት ኮሰረትና በቀለጠ ቅቤ አሽቼ በሳህን መካከል አስቀምጣለሁ፣ ዙሪያውን የተቀቀለ ጎመን፣ በአንድ በኩል አረንጓዴ፣ በሌላ በኩል ቀይ ዳጣ። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። በጾም ቀን አይቡን በአቮካዶ እተካዋለሁ፤ የሲዳማ አቮካዶ በየመንገዱ ዳር ስለሚገኝ፣ ስቡም ማቃጠሉን በተወሰነ ደረጃ ስለሚያበርድ፣ በሎሚና በጨው ተፈጭቶ ከሽሮ ጎን ሲቀርብ እጅግ ይስማማል።

ሽሮውን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥሩ ነው፣ በደንብ ታምሷል፣ ነገር ግን በከተማው ውስጥ የሚስተካከለው አለ። አዋዜው የተሻለ ነው፤ ከዚያው ከኃይለኛው በርበሬ በጠጅ ተበጥብጦ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ለጥብስ በመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ አንድ ማንኪያ ሲጨመርበት ሥጋውን ያወዛዋል። ቀጠን ስለሚል ግን ለጥሬ ሥጋ ማጥቀሻነት አይሆንም፤ ከሥጋው ላይ ይንጠባጠባል። ጠጅ የማይወስዱ ሰዎች አስቀድመው ቢነግሯቸው በውሃ በጥብጠው እንደሚሠሩ እትዬ ገልጸውልኛል።

ሚጥሚጣውን ግን አልመክርም። ጨው በዝቶበታል። ክትፎ ላይ ስጠቀምበት የክትፎውን ጨው ሙሉ በሙሉ ትቼው እንኳ ከሚገባው በላይ ጨዋማ ሆኖብኛል፤ ኮረሪማውም ከጨው ሥር ተደብቋል። ለሁለተኛ ጊዜ ገዝቼ አጣራሁ፤ ያው ነው። በርበሬው ላይ ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚያደርግ እጅ ሚጥሚጣው ላይ ለምን እንዲህ እንደ ላላ ሊገባኝ አልቻለም። ለራሳቸውም በአክብሮት ነግሬያቸዋለሁ፤ «ሳይበላሽ እንዲቆይ ብዬ ነው» አሉኝ። በደንብ የደረቀ ሚጥሚጣ ያን ያህል ጨው ሳይጨመርበትም ስለሚቆይ ምክንያቱ አላሳመነኝም፤ ሆኖም ቀጣዩን ጨው ቀንሰው እንደሚያዘጋጁልኝ ቃል ገብተውልኛል።

ሌላው ቅሬታዬ አስተሻሸጉ ነው። በርበሬው የሚሰጠው በስስ ፌስታል ተቋጥሮ ነው፤ የተዘጋጀበት ቀን አይጻፍበትም። በርበሬ ብርሃንና እርጥበት ሲነካው ቀለሙ ይገረጣል፣ ሽታውም ይሸሻል፤ ክረምት ላይማ ፌስታል እርጥበቱን አያግድም። ዳጣ ደግሞ እርጥብ ነገር ስለሆነ ቀኑን ማወቅ ለገዢው የግድ ነው። ቢያንስ በወረቀት ላይ ቀን ጽፈው ቢለጥፉ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ትልቅ ነበር። እስከዚያው ድረስ እኔ ክዳኑ የሚገጥም የብርጭቆ ዕቃ ይዤ እሄዳለሁ፤ በርበሬውን ብርሃን በማይገባው ቁም ሣጥን፣ ዳጣውን ጥቂት ዘይት ከላይ አፍስሼበት ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጣለሁ። በዚህ ሁኔታ ዳጣው ለአሥር ቀን ያህል ሽታው ሳይለወጥ ቆይቶልኛል፤ ከዚያ በላይ ግን የበሶብላው ትኩስነት እየደከመ ስለሚሄድ በትንሽ በትንሹ መግዛቱ ይሻላል።

ዋጋው ከገበያው ይወደዳል። የበርበሬ ዋጋ በየሰሞኑ ስለሚለዋወጥ ቁጥር መጻፉ አንባቢን ያሳስታል፤ በሦስቱ ወራት ውስጥ ግን አሮጌ ገበያ ከሚሸጠው የተፈጨ በርበሬ በኪሎ ከሩብ የማያንስ ጭማሪ ስከፍል ቆይቻለሁ። ጭማሪውን ተገቢ ነው የምለው በወጡ ድስት አስቤ ነው፤ በፊት ለአንድ ድስት ሦስት ማንኪያ ተኩል በርበሬና አንድ ማንኪያ መከለሻ እጨምር ነበር፣ አሁን ሁለት ማንኪያ በርበሬ ይበቃኛል። ዳጣው በአንጻሩ ከአሳ ቤቶቹ ጋር የተቀራረበ ዋጋ አለው፤ በጥራቱ ሲመዘን ርካሽ ነው ማለት ይቻላል።

መሄድ ለሚፈልግ ሰው ጥቂት ነገር ልጨምር። ዳጣው የሚዘጋጀው ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ዘግይቶ የደረሰ ሰው አያገኝም። እሑድ ዝግ ነው። በስልክ ትእዛዝ አይቀበሉም፤ ቤት ድረስ የማድረስ አገልግሎትም የላቸውም፤ ይህም እንደ እኔ ከሥራ ማታ ለሚወጣ ሰው አስቸጋሪ ስለሆነ ቢያስቡበት መልካም ነው። በርበሬው በያዝነው ወር መጨረሻ ሊያልቅ ስለሚችል፣ የሚቀጥለው ዛላ ደርቆ እስኪፈጭ የሚያስፈልገኝን ሦስት ኪሎ አስቀድሜ አስይዣለሁ። ዕቃዬን አጥበው፣ ፀሐይ ላይ ደፍተው አድርቀው አስቀምጠውልኛል፤ በእርጥብ ማንኪያ እንዳልጨልፍበትም ሁለት ጊዜ አስጠንቅቀውኛል።